ተጓዡ ስላይድ፦ በመንገድ የሚቀረውና ሳይታወቅ የሚከተለው

መግቢያ

ጥናታዊ ጽሑፍ ለማቅረብ ወደ ሌላ ከተማ የሚጓዝ ሐኪም ቀድሞ በእጁ የሚይዘው የስላይድ ሣጥን ነበር። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ የሰፈረው ምስል በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ክፈፍ ውስጥ ይገባል፤ ክፈፎቹም በተራ ቁጥራቸው በክብ ማስቀመጫ ይደረደራሉ። ሣጥኑ ሊወድቅ፣ ስላይዱ ተገልብጦ ሊገባ፣ የፕሮጀክተሩ አምፖል ሊቃጠል ይችል ነበር። ይሁን እንጂ በስላይዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር በጅማ አንድ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ሆኖ ሊነበብ አይችልም ነበር። ስላይዱ የሚሻው ብርሃን ብቻ ነውና።

ኮዳክ ለዚህ ሥራ እጅግ የታወቀውን የካሩሰል ፕሮጀክተር ማምረት ያቆመው በ2004 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ፓወርፖይንት ቦታውን ከያዘ ሰንብቷል። ፕሮግራሙ ፎርቶት በተባለ አነስተኛ ኩባንያ ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ በ1987 ለገበያ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ1990 ደግሞ የዊንዶውስ እትሙ ወጣ። ዛሬ የጠዋት ስብሰባም ሆነ ዓመታዊ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ጥናትም ሆነ የወረዳ ሥልጠና ያለ ስላይድ ሲካሄድ ማየት ብርቅ ሆኗል።

በፓወርፖይንት ላይ የተሰነዘረው ሂስ ጥቂት አይደለም። ኤድዋርድ ተፍቲ በ2003 ባሳተመው መጣጥፍ፣ በነጥብ በነጥብ የተቆራረጠ አጻጻፍ የማስረጃን ክብደት እንደሚያሳንስ ተከራክሯል። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ 1 ቀን ከሰባት ተሳፋሪዎቿ ጋር የጠፋችውን የኮሎምቢያን የጠፈር መንኮራኩር አደጋ የመረመረው ቦርድም፣ በኦገስት ወር ባወጣው ዘገባ ስላይዶች የቴክኒክ ጽሑፎችን ቦታ መያዛቸውን ነቅፏል። ሂሱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ስላይዱን የሚመዝነው በተሠራበት ሁኔታ፣ ማለትም አዘጋጁ እንዳሰበው ሆኖ በሰሌዳው ላይ እንደሚታይ አድርጎ ነው። ከዝግጅት ክፍሉ እስከ አዳራሹ ያለው ጉዞ ከሂሱ ውጪ ቀርቷል። ይህ ጉዞ እንደ ቴክኒሻን ጉዳይ ተቆጥሮ የሚታለፍ ቢሆንም፣ ለጤና ባለሙያው ሁለት ከባድ ጉዳዮች የሚወሰኑበት ነው፤ አንደኛው የመልእክቱ ትክክለኛነት፣ ሁለተኛው የታካሚው ምሥጢር ነው። ስላይድ በሚጓዝበት ጊዜ ሊደርስ የሚገባው አንዳንድ ነገር በመንገድ ይቀራል፤ ሊቀር የሚገባው አንዳንድ ነገር ደግሞ ሳይታወቅ ይከተላል። ለጉዞ ተብለው የተሠሩት መሣሪያዎችና የተለመዱት ምክሮች ለመጀመሪያው ችግር ከፊል መፍትሔ ሲሰጡ ሁለተኛውን ያባብሱታል።

ማዘዣና መድኃኒት

የኤሌክትሮኒክ ስላይድ ከፊልሙ ስላይድ የሚለየው በመሠረቱ ነው። የፊልሙ ስላይድ ራሱ ምስሉ ነው። የኤሌክትሮኒኩ ግን ምስሉ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ትእዛዝ ነው፤ ይህን ቃል በዚህ ዓይነት ፊደል ጻፍ፣ ያንን ተንቀሳቃሽ ምስል ከዚያ ፎልደር አምጥተህ አሳይ እያለ ይዘረዝራል። ትእዛዙን የሚፈጽመው ደግሞ ስላይዱ የተዘጋጀበት ኮምፒዩተር ሳይሆን በአዳራሹ ያለው ነው። በጤና ባለሙያ አነጋገር የፊልሙ ስላይድ መድኃኒቱ፣ የኤሌክትሮኒኩ ደግሞ የመድኃኒት ማዘዣው ነው ማለት ይቻላል። ማዘዣ ይዞ የተጓዘ ሕመምተኛ በደረሰበት ከተማ የታዘዘለትን ካጣ መድኃኒት ቤቱ የለም ብሎ ይመልሰዋል። ኮምፒዩተሩ ግን የታዘዘውን ሲያጣ ብዙ ጊዜ የለም አይልም፤ ማንንም ሳያማክር በሌላ ይተካና ይቀጥላል። ተሰብሳቢው የሚያየው የተተካውን ነው፤ መተካቱን ግን አያውቅም።

ብዙ አቅራቢዎች ስላይዳቸውን በፍላሽ ዲስክ መገልበጣቸውን እንደ ሙሉ ዝግጅት የሚቆጥሩት ይህን ልዩነት ስለማያስተውሉ ነው። የተገለበጠው ማዘዣው ብቻ ነው።

በመንገድ የሚቀረው

ከሚቀሩት ነገሮች ዋነኛው ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ ነው። ጉዳቱ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓይነት መጽሔት ላይ ቦታ ሊሰጠው ባልተገባ ነበር። ነገር ግን በሕክምና ስላይድ ላይ ፎንት ሲጠፋ ትርጉም ይለወጣል። በቀድሞዎቹ ስላይዶች የግሪክ ፊደላትና የሒሳብ ምልክቶች የሚጻፉት ሲምቦል በተባለው ፎንት ነበር። ይህ ፎንት ለእያንዳንዱ ምልክት ያዋሰው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች የተቀመጡበትን ቁጥር ነው። ለማይክሮ የሚቆመው የግሪክ ፊደል የተቀመጠው በላቲኑ ኤም ቦታ ነው። ስላይዱ ሲምቦልን በማያውቅ ኮምፒዩተር ወይም በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ምልክቱ ወደ ባለቦታው ይመለሳል፤ ማይክሮግራምም ሚሊግራም ሆኖ ይነበባል። ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት ግልጽ ስለሆነ ማንም ያስተውለዋል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ስለ ነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ መከላከያ የተዘጋጀ ስላይድ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። እናቲቱ በየቀኑ የምትወስደው ክኒን 60 ሚሊግራም የብረት ማዕድንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው። የማይክሮው ምልክት ሲጠፋ ስላይዱ 60 ሚሊግራምና 400 ሚሊግራም ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ ዐይን የሚያቆም ነገር የለም። ልምድ ያለው ሐኪም ቢያርመውም፣ ከወረዳ የመጣው ጀማሪ ሠልጣኝ እንዳየው በደብተሩ ይገለብጠዋል።

የሌሎቹ ምልክቶች ዕጣም ተመሳሳይ ነው። በሲምቦል ፎንት የተጻፈው የ«≥» ምልክት በላቲኑ ቦታ ከፍ ብላ የምትጻፈው ሦስት ቁጥር ስላለችበት፣ «≥140» የተባለው የደም ግፊት መጠን «³140» ይሆናል። የ«≤» ምልክት በእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት ይተካል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና መጀመሪያ አድርጎት የነበረው «≤350» የሲዲ4 መጠን፣ ይህ ገደብ በ2013 እስኪለወጥ ድረስ በስንቱ የሥልጠና ስላይድ ላይ እንደተጻፈ የሚያስታውስ ሰው፣ ምልክቱ የገንዘብ ሲሆን ሠልጣኙ ምን እንደሚረዳ ሊገምት ይችላል። መቀነስን የሚያሳየው ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አጭር መስመር ይሆናል፤ መጨመርን የሚያሳየው ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ደግሞ ወይ ሰረዝ ይሆናል ወይ ፈጽሞ ይጠፋል። በውጤት ሰንጠረዥ ላይ ቀስቱ ሲጠፋ የጠፋው ውጤቱ ራሱ ነው።

የዛሬዎቹ የፕሮግራሙ እትሞች ለእነዚህ ምልክቶች የራሳቸው ቋሚ ቁጥር ያለውን የዩኒኮድ ሥርዓት ስለሚጠቀሙ፣ አዲስ የተጻፈ ስላይድ ከዚህ አደጋ በአብዛኛው የተጠበቀ ነው። ይሁን እንጂ በሕክምና ትምህርት ቤት ስላይድ የሚወረስ ነገር ነው። መምህሩ ያዘጋጀውን ሬዚደንቱ ይወስዳል፤ የሬዚደንቱን ኢንተርኑ ይገለብጣል፤ ርእሱና ቀኑ ይለወጣል እንጂ የመጠን ሰንጠረዡ ከነጥንታዊ ምልክቶቹ ከፋይል ወደ ፋይል ይሸጋገራል።

በአማርኛ የሚዘጋጅ የጤና ትምህርት ስላይድ ይህን ፈተና በላቀ ሁኔታ ቀምሶታል። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተሠሩት 256 ቦታ ብቻ ባለው ሥርዓት ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው ስለማይበቃ እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሉን በራሱ መንገድ አደላደለ። በመሆኑም በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው አይነበብም፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ቋሚ ቦታ አግኝቷል፤ ከ2007 ጀምሮም ዊንዶውስ ቪስታ ናይላ የተሰኘውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጥቷል። ነገር ግን በዊንዶውስ 10 ናይላ ተጠቃሚው ፈልጎ ከሚጭናቸው ተጨማሪ ፎንቶች መካከል ተመድቧል። በመሆኑም በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዛሬ በሌላ ፎንት ተተክቶ መነበቡ ባይቀርም፣ የመስመሩ ርዝመት ይለወጣል፤ በሣጥኑ ልክ የተጻፈው የመጨረሻ መስመርም ከሰሌዳው ወርዶ ሊቀር ይችላል። በጤና ትምህርት ስላይድ የመጨረሻው መስመር ብዙ ጊዜ «ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። እስከ 2007 እትም ድረስ ፓወርፖይንት ቪዲዮን በፋይሉ ውስጥ አያስቀምጥም፤ ያለበትን አድራሻ ብቻ ይመዘግብ ነበር። ከ2010 እትም ወዲህ አብሮ ማስቀመጥ የተለመደ ሆኗል። ሆኖም ቪዲዮው ቢኖርም የአዳራሹ ኮምፒዩተር የተቀረጸበትን ዘዴ ላያውቅ ይችላል፤ ከኢኮ ወይም ከኢንዶስኮፒ መሣሪያ በቀጥታ የተወሰደ ቪዲዮ ለዚህ ይጋለጣል። ሦስተኛው የሰሌዳው ቅርጽ ነው። ከ2013 እትም ጀምሮ አዲስ ስላይድ የሚከፈተው በ16 ለ9 መጠን ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ ስላይዶችና ብዙ ነባር ፕሮጀክተሮች ግን 4 ለ3 ናቸው። ቅርጹን ለማስማማት ሲባል ምስል ወደ ጎን ከተለጠጠ የልብ ጥላ በደረት ራጅ ላይ ሰፍቶ ይታያል። ልብና ደረት እኩል ስለሚለጠጡ የሁለቱ ንጽጽር አይዛባም፤ በዐይን ግምት የሚፈርድ ታዳሚ ግን ይሳሳታል።

ጥቅሉ እና ጉድለቱ

የፕሮግራሙ ሠሪዎች ችግሩን አልዘነጉትም። እስከ 2002 እትም ድረስ ፓክ ኤንድ ጎ፣ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ፓኬጅ ፎር ሲዲ የተባለው አገልግሎት ስላይዱን ለጉዞ ይጠቀልላል። በጎነቱ ሊነገርለት ይገባል። ስላይዱ በአድራሻ ብቻ የሚያውቃቸውን ፋይሎች ከያሉበት ሰብስቦ በአንድ ፎልደር ያስቀምጣል፤ ከተፈለገም ፎንቶቹን አብሮ ያስገባል። የ2003ቱ እትም ፓወርፖይንት የሌለው ኮምፒዩተር ስላይዱን እንዲያሳይ የሚያስችል አነስተኛ ማሳያ ፕሮግራም ጭምር ይጨምር ነበር። በአንድ ጊዜ የሚጻፍ ሲዲ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ከተጻፈ በኋላ ቫይረስ አይገባበትም። በ2008 መጨረሻ የተዛመተው ኮንፊከር በፍላሽ ዲስክ ጭምር ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገር ለነበረበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። አገልግሎቱ የሚገኘው በዊንዶውስ እትም ብቻ ነው። ፎንት አብሮ የሚገባው የፎንቱ ባለቤት ሲፈቅድ ብቻ ነው። ማሳያ ፕሮግራሙም በኤፕሪል 2018 ተቋርጧል፤ እርሱን ታሳቢ አድርገው የተጻፉ ምክሮች ዛሬ አይሠሩም። ሲዲ ማንበቢያ ያለው ላፕቶፕም ብርቅ ሆኗል።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ግን ከአገልግሎቱ ዓላማ የሚመነጭ ነው። ጥቅሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ሊቀር የሚችል ነገር አለ ወይ? ሊቀር የሚገባው ነገር አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሽያጭ ስላይድ ለሚያዘጋጅ ነጋዴ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለሐኪም ግን ጥያቄው ሁለተኛው ነው።

ሳይታወቅ የሚከተለው

ከኤክሴል የተወሰደ ግራፍ በስላይድ ላይ በሦስት መንገድ ሊቀመጥ ይችላል፤ እንደ ሥዕል፣ ከኤክሴሉ ፋይል ጋር በአድራሻ ተገናኝቶ፣ ወይም መላው የኤክሴል ፋይል በስላይዱ ውስጥ ተካቶ። በሰሌዳው ላይ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው። ሲጓዙ ግን አንድ አይደሉም። መላው ፋይል ከተካተተ፣ አራት ዓምዶች ያሉት ግራፍ የሁለት መቶ ታካሚዎችን ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የምርመራ ውጤት በሆዱ ይዞ ይሄዳል። ግራፉን ሁለት ጊዜ የነካ ወይም መረጃውን አሳይ ያለ ማንኛውም ሰው ሰንጠረዡን ያገኘዋል። በአድራሻ የተገናኘ ከሆነ ደግሞ ስላይዱ ብቻውን ሲገለበጥ የኤክሴሉ ፋይል በቤት ይቀራል። የጉዞ ጥቅሉ ግን ያንኑ ፋይል ከነሙሉ ይዘቱ ፈልጎ ከስላይዱ ጎን ያስቀምጠዋል፤ ለጥንቃቄ የተሠራው መሣሪያ ምሥጢር አውጪ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ምስልም እንዲሁ ነው። በራጅ፣ በሲቲ ስካንና በአልትራሳውንድ ምስል ጠርዝ ላይ የታካሚው ስም ተጽፎ ይገኛል። ጥንቁቅ አቅራቢ በፓወርፖይንት ውስጥ ጠርዙን ይቆርጠዋል፤ ሌላው ጥቁር ሣጥን ይደፋበታል። ሁለቱም ስሙን ከዐይን ይሰውሩታል እንጂ ከፋይሉ አያወጡትም። የተቆረጠው ክፍል፣ የተቆረጡ ክፍሎች እንዲሰረዙ ካልታዘዘ በቀር በፋይሉ ውስጥ ስለሚኖር በአንድ ትእዛዝ ይመለሳል። ጥቁሩ ሣጥን በመዳፊት ተጎትቶ ይነሣል፤ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥም ከሥሩ ያለው ምስል ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ጉዳዩን በዐይኑ ማረጋገጥ የሚሻ አንባቢ ቀላል መንገድ አለው። ከ2007 ወዲህ የመጣው የፓወርፖይንት ፋይል በእውነቱ የታመቀ የዚፕ ጥቅል ነው። ቅጂውን ወስዶ የስሙን ቅጥያ ወደ ዚፕ በመለወጥ ቢከፍተው፣ የስላይዶቹን ምስሎች ሁሉ በአንድ ፎልደር፣ የተካተቱትን የኤክሴል ፋይሎች ደግሞ በሌላ ፎልደር ተደርድረው ያገኛቸዋል።

ከ2007 እትም ጀምሮ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚገኘው የሰነድ መመርመሪያ አስተያየቶችን፣ የአቅራቢውን የግል ማስታወሻዎችና የአዘጋጁን ስም ፈልጎ ያወጣል። ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን በራጅ ፊልም ላይ የተቀረጸ ስም ማንበብ አይችልም። ከግላዊ ማስታወሻዎች መካከል «ይህች ታካሚ የእገሌ ባለቤት ናት» የሚል ሊኖር እንደሚችል የሚያውቀው ደግሞ የጻፈው ብቻ ነው።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1948 የጸደቀው የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የጄኔቫ ቃል ኪዳን ሐኪሙ የታካሚውን ምሥጢር ከታካሚው ሞት በኋላ እንኳ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በኢትዮጵያ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ የሙያ ምሥጢርን ማውጣት ወንጀል ነው ሲል ደንግጓል፤ በ2024 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው ዐይነቶች መድቦታል። በጉባኤ መድረክ ላይ ስም ላለመጥራት ሲጠነቀቅ የነበረ ሐኪም፣ የሁለት መቶ ሰው ስም በሻይ ዕረፍት ላይ ለጠየቀው ሁሉ በፍላሽ ሲያድል ሕጉን የሚጥሰው ባለማወቅ ነው። ባለማወቁ ግን የታካሚው ጉዳት አይቀንስም።

ከአዳራሹ በኋላ

የጉባኤ አዘጋጆችም ከሂሱ ነፃ አይደሉም። በብዙ ስብሰባዎች ልማድ የአቅራቢዎች ስላይድ ሁሉ በዋዜማው ወይም በዕለቱ ጠዋት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይሰበሰባል። ለጊዜ ቁጠባ ይህ ትክክል ነው፤ አሥር ደቂቃ የተሰጠው አቅራቢ አምስቱን ገመድ ሲሰካና ሲነቅል ቢያሳልፍ ማንም አይጠቀምም። የራስን ላፕቶፕ ይዞ መምጣት ይሻላል የሚለውም ምክር ሁልጊዜ አይሠራም። ቀጫጭኖቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የነባሩን ፕሮጀክተር ገመድ የሚቀበል ቀዳዳ የላቸውም፤ የራሱ ላፕቶፕ የሌለው ኢንተርንም አለ። ችግሩ ያለው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው። ስላይዶቹ በዚያው ኮምፒዩተር ገጽ ላይ ተደርድረው ይቀራሉ፤ ኮምፒዩተሩ የሆቴል ወይም የኪራይ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የሌላ ድርጅት ስብሰባ ያስተናግዳል።

በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ከዚህ ያድናል የሚሉ አሉ። መስመሩ ሲሠራ በእርግጥ ያመቻል። ነገር ግን አቅራቢው በሰው ኮምፒዩተር የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ያስገባል፤ ያወረደው ፋይል በማውረጃው ፎልደር ይቀራል፤ ተቻኩሎ ሲወርድ ከኢሜይሉ መውጣቱንም ይረሳል። ያን ጊዜ ተከታትሎ የሚቀረው ስላይዱ ብቻ ሳይሆን የደብዳቤ ሣጥኑ ሁሉ ነው።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሥራውን ቅደም ተከተል መለወጥ ግን ያሻል። የተለመደው ቅደም ተከተል አዘጋጅቶ፣ ገልብጦ መሄድ ነው። ሊሆን የሚገባው ቀንሶ፣ አጽንቶ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ፈትሾ መሄድ ነው።

መቀነስ ማለት ጉዞው ሳይጀመር መሄድ የማይገባውን ማውጣት ነው። ግራፍ በሥዕልነት ይለጠፍ። የታካሚ ስም ያለበት ምስል ወደ ስላይዱ ከመግባቱ በፊት በምስል ማረሚያ ፕሮግራም ተቆርጦ በአዲስ ስም ይቀመጥ፤ በስላይዱ ውስጥ መቁረጥ በቂ አይደለም። የሚሄደው ቅጂ ከዋናው ፋይል ተለይቶ ይዘጋጅ፤ ማስታወሻዎቹም ከእርሱ ይውጡ። ፍላሽ ዲስክ በታክሲ ወንበር ላይ የሚረሳ ዕቃ ስለሆነ ፋይሉ በይለፍ ቃል ይቆለፍ።

ማጽናት ማለት ማዘዣውን በተቻለ መጠን ወደ መድኃኒትነት ማቅረብ ነው። መለኪያዎች በምልክት ሳይሆን በቃል ይጻፉ፤ ማይክሮግራም ተብሎ በሙሉ የተጻፈ ቃል የትኛውም ፎንት ቢተካው ማይክሮግራም ነው። «≥» በማለት ፈንታ «140 እና ከዚያ በላይ» ማለት ጥቂት ቦታ ቢወስድም አይሳሳትም። የአማርኛ ጽሑፍ በዩኒኮድ ፎንት ብቻ ይጻፍ፤ ከቀድሞ ስላይድ የተወረሰ ሰንጠረዥ ከተገለበጠ እንደገና በእጅ ይጻፍ። ቪዲዮ በስፋት በሚታወቀው ኤምፒ4 ይለወጥ፤ ከስላይዱ ጋርም በአንድ ፎልደር ይቀመጥ። በመጨረሻም ከስላይዱ ጎን የፒዲኤፍ ቅጂ ይያዝ። በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ይህ የሰነድ ዓይነት፣ ፎንቶቹን ይዞ ሲዘጋጅ ከማዘዣነት ይልቅ ወደ ቀድሞው የፊልም ስላይድ ይቀርባል። እንቅስቃሴና ቪዲዮ ይጠፋበታል፤ ቁጥሩ ግን አይለወጥም። ለአብዛኛው የሕክምና ገለጻ ልውውጡ አያከስርም።

መፈተሽ ማለት ስላይዱን ባልተዘጋጀበት ኮምፒዩተር፣ ከፍላሹ በቀጥታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መክፈት ነው። በራስ ኮምፒዩተር መሞከር ፍተሻ አይደለም፤ በራስ ቤት ሁሉም ነገር አለና። የባልደረባ ወይም የቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ይበቃል። ፍተሻውም የመጠን፣ የመለኪያና የንጽጽር ምልክቶችን አንድ በአንድ ከዋናው ጋር ማስተያየትን ይጨምር። ክትባትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጠብቆ ከመጋዘን እስከ ጤና ኬላ የሚያደርስ ሙያ፣ ለቃሉም የዚያን ያህል ጥንቃቄ ቢያደርግ አይበዛበትም።

አዘጋጆች ደግሞ በጥሪ ደብዳቤያቸው የአዳራሹን ኮምፒዩተር ፕሮግራምና የሰሌዳውን ቅርጽ ቢገልጹ፣ ከመድረኩ ውጪ ስላይድ የሚፈተሽበት አንድ ኮምፒዩተር ቢያዘጋጁ፣ በየዕለቱ መጨረሻም ፋይሎቹን የሚሰርዝና የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ባዶ የሚያደርግ ሰው ቢመድቡ፣ ከችግሩ ግማሹ ይቃለላል። ስላይዱን ለሚጠይቁ ተሳታፊዎች የሚሰጠውም ፒዲኤፉ ይሁን፤ እርሱም ቢሆን ከተቀነሰው ቅጂ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

ስለ ስላይድ ጉዞ የሚሰጡት ምክሮች በአብዛኛው አቅራቢውን ከኀፍረት ለማዳን የታሰቡ ናቸው። ሰሌዳው ባዶ እንዳይሆን፣ ቪዲዮው እንዳይቆም፣ ታዳሚው እንዳይስቅ ይጠነቀቃሉ። ኀፍረት ግን ከጉዳቶቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። ባዶ ሰሌዳ ማንንም አያሳስትም፤ አቅራቢው በአንድ ገጽ ወረቀት የያዛቸውን ዋና ዋና ቁጥሮች እየጠቀሰ ንግግሩን ሊቀጥል ይችላል፤ መብራት በሚጠፋበት አዳራሽም ይህች ወረቀት ከማንኛውም ጥቅል ትበልጣለች። የሚያሳስተው ሞልቶና አምሮ የሚታየው፣ አንድ ምልክቱ ግን በመንገድ የቀረው ስላይድ ነው። የሚጎዳውም በትክክል የታየው፣ ነገር ግን የታካሚዎቹን ስም ተሸክሞ በሰው ኮምፒዩተር ላይ የቀረው ነው።

ስለዚህ ለጉዞ የተዘጋጀ የሕክምና ስላይድ በሁለት ሰዎች ዐይን ሊመዘን ይገባዋል። አንደኛዋ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ የምታየውን ሁሉ በደብተሯ የምትገለብጠው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የጻፈችው መጠን አቅራቢው ከጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛው በአዳራሹ የሌለው ታካሚ ነው፤ ፋይሉ ተከፍቶ እስከ ውስጡ ቢበረበር ስሙ ሊገኝ አይገባም። ፋይሉን በፍላሹ ላይ መገልበጥ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።